ምክንያት አልሰማም ያልኩ ዕለት

ጉንደ ወይራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል
ደብረ ሰላም ኪዳነ ምሕረት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ

የኔታ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ክረምቱን እንዴት ከረሙ? ወገብዎስ? እናቴ «ወንድሜ ስልክ አልይዝም ብሎ ወሬውን በሰው አፍ እንድሰማ አደረገኝ» እያለች ታማዎታለች። እኔ ግን ደብዳቤው ይሻለኛል። በስልክ «ደህና ነኝ» ብዬ የምዘጋውን ወረቀት ላይ መዝጋት ይከብደኛል።

«ለምን ዝም አልሽ? ማስተማሩን ተውሽው እንዴ?» ላሉኝ፣ አልተውኩም። ጭራሽ ተሾምኩ። ከወገዳ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ጉንደ ወይራ የሚባል ቀበሌ አለ፤ እዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አድርገውኛል። ስድስት መቶ ሃያ ተማሪ፣ አሥራ ዘጠኝ መምህር። አምና ስምንተኛ ክፍል ከተፈተኑት ሠላሳ ስምንት ልጆች ያለፉት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። የወረዳው ኃላፊ ቁልፉን ሲያስረክበኝ «ጠንካራ ናት ይሉሻል፤ እስቲ እናያለን» አለኝ።

በመጀመሪያው ስብሰባ መምህራኑን ሰብስቤ «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ማለት ሁለት ሰዓት ነው። ምክንያት አልሰማም» አልኳቸው። ትንፍሽ ያለ የለም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ዝምታው ደስ አለኝ። የፊርማውን መዝገብ ከመምህራን ማረፊያ አንሥቼ ቢሮዬ አስገባሁት፤ ሁለት ከሩብ ሲል መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። አሁን ሁሉም በሰዓቱ ይገባል። ከአንዱ ከሒሳብ መምህሩ ከዘመኑ በቀር።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት ደቀ መዝሙር መርተዋል። እኔ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ፊት ቆሜአለሁ። ሰው እንዴት ነው የሚመራው? ከሀሁ ያስጀምሩኝ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልዎ ማሩ ነጋዴው ነው። ዓርብ ዓርብ በእርስዎ በኩል ወዳለችው ከተማ ወደ አርብ ገበያ ስለሚወርድ መልሱንም እሱ ይቀበልልኛል።

ልጅዎ ሐረገ ወይን

*

ደብረ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሐረገ ወይን

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ወገቤ እንደ ዕድሜዬ ነው፤ አልከሰውም። ሹመትሽን ሰምቼ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ አብርቻለሁ።

ከሀሁ አስጀምሩኝ ብለሻል። የእኔ ሀሁ ይህ ነው። ወደዚህ ደብር የመጣሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መምህሬ አርፈው፣ የድጓው ወንበር ለእኔ ተሰጥቶኝ፣ ሃያ ስድስት ደቀ መዛሙርት ተረከብኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አንድ በአንድ አስዜምኩ፤ የሁሉንም ስሕተት አረምኩ። አንዱ ቆሞ ያንቀላፋ ነበር። በመቋሚያዬ ትከሻውን መታሁት። ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጠልን። ቀትር ላይ አንዲት መነኩሲት ጠሩኝና «የኔታ፣ ያ ልጅ ለቁራሽ ወጥቶ ውሻ አላስገባ ብሎት ሁለት ቀን ምንም አልቀመሰም» አሉኝ።

ድጓውን ለመማር አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ይህቺን ግን በአንድ ቀን ተማርኳት፤ ያውም ከመታሁ በኋላ። ከዚያ ወዲህ «ምን ቀጸልክ?» ብዬ ትምህርቱን ከመጠየቄ በፊት «ምን በላህ?» እላለሁ።

ስለዚህ ከማዘዝሽ በፊት የእያንዳንዱን ቤት እወቂ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ብዙ አይደለም። «ምክንያት አልሰማም» ያልሽውንም ሳይውል ሳያድር መልሰሽ ውሰጂው። ምክንያቱን እንዳይነግርሽ የከለከልሽው ሰው ሌላውንም አይነግርሽም። አለቃ የሚታወረው ዓይኑ ሲጠፋ አይደለም፤ የሚነግረው ሲጠፋ ነው።

እኔ ለዚህ እሱባለው አለልኝ። አሥራ አምስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ዛሬ ከእኔ ሥር ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን የሚያስቀጽለው እሱ ነው። የረሳሁትን ያስታውሰኛል፤ ስቆጣም ዝም ብሎ ያሳልፈኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከአሥራ ዘጠኙ መካከል ፈልጊ።

አጎትሽ ወልደ ሩፋኤል

*

ጉንደ ወይራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ የደረሰኝ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው።

የእኔን ነገር ከጠየቁ፦ ጤናዬ ደህና ነው። ቤት ተከራይቻለሁ። ብርዱ ከወገዳ ይብሳል። የትምህርት ቤቱን አጥር ወላጆች በሁለት ቅዳሜ ጨርሰውልኛል። የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ቤትም በር ተገጥሞለታል። አንድ መምህር ለቋል፤ እስኪተካ ድረስ እኔው እየገባሁ አስተምራለሁ። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ለገና ልመጣ አስቤ ነበር፤ አይሳካልኝም። ይቅር ይበሉኝ።

ሐረገ ወይን

*

ደብረ ሰላም፣ ጥር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐረግ ልጄ

አጥሩን ማን እንደ ሠራው፣ በሩ መገጠሙን ሁሉ ጻፍሽልኝ። «አንድ መምህር ለቋል» ብለሽ ግን አለፍሽ። ሰው ከአጥር ያንሳል? ማን ነው? ለምን ለቀቀ? ለእናትሽ «ሆድ ባሰኝ» ብለሽ በስልክ አልቅሰሻል አሉ። ለእሷ ያለቀስሽውን ለእኔ ጻፊልኝ።

ስለ ጥምቀት ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ጥምቀት በሰላም ውሎ ገብቷል።

ወልደ ሩፋኤል

*

ጉንደ ወይራ፣ የካቲት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

የኔታ

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የለቀቀው የሒሳብ መምህሩ ዘመኑ ነው። ያባረርኩት እኔ ነኝ። የኅዳሩ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካበላሸሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ኅዳር 10 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪው ገና በሰልፍ ላይ ሳለ ዘመኑ በበሩ ገባ። ለዘጠነኛ ጊዜ ማርፈዱ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ድምፅ ማጉያው በእጄ ነበር። «ተማሪ ሲያረፍድ ምን እናደርገዋለን?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ «እናንበረክከዋለን!» አሉ። «መምህርስ ሲያረፍድ?» አልኩ። ስድስት መቶ ልጅ ሳቀ። የራሱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ዘመኑ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ጠረገ፤ ክፍል ገብቶ እስከ ስድስት ሰዓት አስተማረ፤ ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም። እኔም ለወረዳው «ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ውብነሽ የምትባል የአንደኛ ክፍል መምህርት አለች፤ ሃያ አራት ዓመት አስተምራለች። ታኅሣሥ ውስጥ፣ ስምንተኛ ክፍል ገብቼ የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ አቅቶኝ ስወጣ በረንዳው ላይ አገኘችኝ።

«ዘመኑ ለምን ያረፍድ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ሚስቱ ፅጌረዳ መስከረም ላይ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በኦፕሬሽን ነው የወለደችው። ቁስሏ አልጠግግ ብሎ ከአልጋ አትነሣም። ውኃ የሚቀዳው እሱ፣ ሁለቱን ልጆች የሚያበላው እሱ፣ ጨርቅ የሚያጥበው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ተጉዞ ነው እዚህ የሚደርሰው።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ሁላችንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምክንያት አልሰማም አላልሽም እንዴ?» አለችና ክፍሏ ገባች።

የኔታ፣ ወረዳው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምትክ የለም ብሎኛል። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ አርባ ሦስት ልጆች አሉ። የአማርኛ መምህር ነኝና ሒሳቡን እኔው ማታ ተምሬ ጠዋት አስተምራለሁ፤ ልጆቹ እንደማላውቀው ያውቃሉ፤ አዝነውልኝ አይጠይቁኝም። ዘመኑ ቤቱን ዘግቶ ሚስቱን ወላጆቿ ዘንድ እስቴ ወስዷታል። ምን ላድርግ?

ሐረግ

*

ደብረ ሰላም፣ የካቲት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሐረግ ልጄ

ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ። የጠየቅሽኝ ሌላ ቀላል መንገድ እንዳለ ነው። የለም።

በሰልፍ ፊት የሰበርሽውን በቢሮ አትጠግኚውም። መጀመሪያ እዚያው ሰልፉ ላይ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ተናገሪ። ወሬው እስቴ ሳይደርስ ደግሞ ራስሽ ሂጂ። ሽማግሌ አትላኪ፤ ሽማግሌ ሲላክ ሰውዬው ለሽማግሌው ያፍርና እሺ ይላል፤ ልቡ ግን አይመለስም። ተመለስ ብለሽም አትለምኚው። ያጠፋሽውን ነግረሽው ዝም በዪ። ከዚያ በኋላ የሚለው የራሱ ነው።

ለወረዳው የጻፍሽውንም ሻሪው። ይቀጡሽ ይሆናል። ይቅጡሽ።

ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ወልደ ሩፋኤል

*

ጉንደ ወይራ፣ መጋቢት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

የኔታ፣ ጾሙን እንዴት ይዘውታል?

«ሰልፉ ላይ ተናገሪ» ላሉኝ፣ ተናግሬአለሁ። በድምፅ ማጉያው «መምህር ዘመኑ ያረፍድ የነበረው ስለ ሰነፈ አልነበረም። እኔ ሳልጠይቅ ሰደብኩት፤ እናንተንም አሳቅኋችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ማለት እንዳለብኝ አላሰብኩም ነበርና ዝም ብዬ ቆምኩ። እትዬ ውብነሽ ደወሉን ደውላ ገላገለችኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከወገዳ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቼ ወደ እስቴ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ ወረድኩ፤ ከዚያ ጠይቄ ጠይቄ የፅጌረዳን ወላጆች ቤት አገኘሁ። ዘመኑ ደጅ ላይ የማረሻ እርፍ ይጠርባል። አይቶኝም መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

«ማን ላከሽ? ወረዳው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«በስድስት መቶ ሰው ፊት ሰድበሽኝ ጓሮ ለጓሮ ይቅርታ ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«ትናንት በሰልፍ ጠይቄአለሁ። የመጣሁት ከእኔ አፍ እንድትሰማው ነው» አልኩና ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩለት። ከዚያ እንዳሉኝ ዝም አልኩ። የኔታ፣ ያ ዝምታ ከንግግሩ ይልቅ ከበደኝ። እሱ ይጠርባል፤ እኔ ቆሜአለሁ።

ከውስጥ ፅጌረዳ ተናገረች። «ስምንተኞቹን አሁን ማን ያስተምራቸዋል?»

«እኔ» አልኩ።

«ሒሳብ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ዘመኑ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን አጠቆረ። «እነ ደስታ የቱ ምዕራፍ ደረሱ?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ገና እዚያው ናቸው?» አለ። ቀጥሎም «ለልጆቹ ስል እመጣለሁ። ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለኝ።

«ይበቃኛል።»

«እስከ ፈተናው ብቻ ነው። ከዚያ የዝውውር መልቀቂያዬን ትፈርሚያለሽ። ፅጌረዳ እዚህ ወላጆቿ ያግዟታል፤ ሁለተኛ ወደዚያ አላወጣትም።»

«እፈርማለሁ።»

ሰኞ መጣ። ለወረዳው የቀድሞው ደብዳቤዬ ስሕተት መሆኑን ጽፌ ነበርና እሱን መልሰው ተቀበሉት፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ፋይሌ ውስጥ ነው። የፊርማውን መዝገብም ወደ ቦታው መለስኩት። አሁን መምህራኑ መናገር ጀምረዋል። የአንዱ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ ሌላው ከጓደኛው ጋር ተኳርፏል፣ አንዷ ደግሞ «የሰጠሽኝ ድልድል ትክክል አይደለም» አለችኝ። ትክክል አልነበረም፤ ቀየርኩት። መስማት እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን ግን አልነገሩኝም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። መካነ ኢየሱስ መኪና ስጠብቅ ከአንድ ካህን ጋር ስንጨዋወት የእርስዎን ስም ጠራሁ። «መሪጌታ እሱባለውኮ እዚህ ነው፤ ከጥር ጀምሮ አሥራ ሦስት ተማሪ ይዞ ያስተምራል» አሉኝ። «ለምን መጣ?» ስላቸው ወደ ሌላ ጨዋታ ዞሩ። እርስዎ ግን በጥር «ጥምቀት በሰላም ውሎ ገብቷል» ብለው ነበር የጻፉልኝ። የኔታ፣ ምን ሆናችሁ ነው?

ሐረግ

*

ደብረ ሰላም፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለሐረገ ወይን

መምህርሽ በመመለሱ ደስ ብሎኛል። የቤተ ክርስቲያንን ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያን ተዪው። መልካም ትንሣኤ።

ወልደ ሩፋኤል

*

ጉንደ ወይራ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

የኔታ፣ ፍልሰታን እንዴት ይዘዋታል? አራት ወር ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ውጤቱ መጣ። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አራቱ አልፈዋል። ዘጠኙ ወድቀዋል፤ ከእነሱ መካከል ዘመኑ ስሟን ጠርቶ የጠየቀኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ከፊት ወንበር ያልጠፋችው ደስታ አለች። ቤቷ ሄጄ ከእናቷ ጋር ተቀምጬ አብሬ አዘንኩ። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ባይባክኑ ኖሮ ታልፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ለማንም አላልኩም፤ ለእርስዎ ግን ልጽፈው ፈለግሁ። ለከርሞ ትደግማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ውብነሽ ቤት እንድታጠና ተስማምተናል።

ዘመኑ ፈተናው ባለቀ በሦስተኛው ቀን መጣ። መልቀቂያውን ከምስጋና ጋር ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌበት ጠበቅሁት። ወረቀቱን አነበበና «እንዲህ ያለ ምስጋና አልጠየቅኩሽም» አለኝ። «እውነቱን ነው የጻፍኩት» አልኩት። ጨብጦኝ ሄደ። አልተቃቀፍንም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደውሎ የውጤቱን ዝርዝር በስም ጠይቆኛል፤ የእኔን ደህንነት አልጠየቀም። እንዲያም ቢሆን ደግ ነው።

አሁን የፈራሁትን ልጻፍ። ስለ እሱባለው «ተዪው» ብለውኛል። ለታላቅ መታዘዝ ልማዴ ነው፤ ይህን ግን አልተውኩትም። ምን እንደተፈጠረ አላውቅም፤ አጥፊው ማን እንደሆነም አላውቅም። የማውቀው፣ የረሱትን የሚያስታውስዎ ሰው አብሮዎ እንደሌለ ነው። እኔ መጥፎ አለቃ በነበርኩበት ጊዜ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ዝም አለኝ። እኔ ለእርስዎ እንዲያ አልሆንም። ቢቆጡም ይቆጡኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ሐረግ

*

ደብረ ሰላም፣ መስከረም 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሐረግ ልጄ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ተቆጥቻለሁ። ሁለት ሳምንት ነው የተቆጣሁት። ከዚያ አለቀ።

የሆነውን ልንገርሽ። ጥር 12 ቀን፣ የሚካኤል ታቦት ሲመለስ፣ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት፣ ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነበር። የምመራው እኔ ነኝ። ዜማውን አንሥቼ መካከሉ ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። አርባ ዓመት ያዜምኩት ቃል ከአፌ ላይ ጠፋ። ያን ጊዜ እሱባለው ከኋላዬ በድምፁ አወጣውና ካህናቱ ተቀበሉት። ሕዝቡ ምንም አላወቀም። እኔ ግን ያወቀ መሰለኝ። በማግስቱ፣ በደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፊት፣ «ወንበሬን ልትቀማ ቀን ትቆጥራለህ፤ ሌባ» አልኩት። ጉልበቴን ሳመና መቋሚያውን ይዞ ወጣ።

ያንን ባደረግሁ በወሩ ነው ለአንቺ «በሰልፍ ፊት የሰበርሽውን በቢሮ አትጠግኚውም» ብዬ የጻፍኩት። እጄ የከበደኝ ለዚህ ነበር። አንቺ እንደ ደረሰሽ ሄደሽ አደረግሽው። እኔ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። ቃሉ መጥፋቱንም አልተወም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ጠፍቶኛል፤ ደቀ መዛሙርቱ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አንድም ደፍሮ የሚያወጣው የለም። እሱባለው ላይ ያደረግሁትን አይተዋላ።

ለመስከረም 21 ማርያም ወደ እስቴ ሄድኩ። እስከ አስፋልቱ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና። መኪና እንዴት እንደሚያጥወለውለኝ ታውቂያለሽ፤ ደብረ ታቦር አድሬ ነው የደረስኩት። እሱባለው ተማሪዎቹን ይዞ ማኅሌት ላይ ነበር። ሲያየኝ ዝማሬውን አስቆመና መቋሚያውን ዘረጋልኝ። «የኔታ፣ እርስዎ ያንሡ» አለኝ።

«አይደለም፤ አንተ አንሣ» አልኩትና በግራው ረድፍ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። እሱ መራ። ትንሽ ስንሄድ ደግሞ ያው ቃል ጠፋኝ። አጠገቤ የቆመው ተማሪ ድምፅ ደግፎ ወሰደኝ፤ ቀጥሎ ካለው ቃል ላይ ደረስኩ። ለካ ሰልፍ ውስጥ ለቆመ ሰው ቃል ቢጠፋው እንዲህ ቀላል ነው።

ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰው ሳይበተን፣ በተማሪዎቹና በምእመናኑ ፊት «በጥር ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ፤ ሐሰት ነው። እኔ የረሳሁትን ነው የመለሰልኝ» አልኩ። እሱባለው አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ እንደ አንቺ ዝም ብዬ ቆምኩ። እውነትሽን ነው፤ ዝምታው ይከብዳል።

ማዕድ ላይ ሳለን «ና፣ ወንበሩን ተረከበኝ» አልኩት።

«እነዚህን ተማሪዎችስ?» አለኝ።

«ይዘሃቸው ና።»

«የኔታ፣ አሁን እሺ ብል ስላፈርኩ ነው የሚሆነው። አስቤ ልላክብዎ» አለኝ። ተናደድኩ ልልሽ ነበር፤ ግን አልተናደድኩም። ትክክል ነው።

መልሱ እስካሁን አልመጣም። ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ትናንት ደቀ መዛሙርቱን ሰብስቤ ቃል ሲጠፋኝ ሳይፈሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያወጡልኝ ነገርኳቸው። ዛሬ ጠዋት ሁለቴ አወጡልኝ። ወንበሩን ከግድግዳው ጥግ አስጠግቼዋለሁ፤ እኔ ምንጣፉ ላይ፣ ከእነሱ ጋር ተቀምጬ አስተምራለሁ።

አጎትሽ ወልደ ሩፋኤል